መልስ፦ የአዳር ዋጋው ክፍያ ላይ ሲደርስ ለምን ይጨምራል?

ለዕረፍት የሚከራይ ቤት ሲመርጡ ያዩት ዋጋ መክፈያው ላይ ለምን እንደሚያብጥ ጠይቀዋል። መጀመሪያ የሚታየው የአዳሩ ሂሳብ ብቻ ከሆነ፣ የጽዳትና የአገልግሎት ክፍያ ኋላ ይደረብበታል። በተለይ ጽዳቱን ልብ ይበሉ፤ አንድ ሌሊት አደሩም ሳምንት ቆዩ፣ ብዙውን ጊዜ ያው ነው። አዳሩ 100 ዶላር፣ ጽዳቱ 70 ቢሆን፣ ለአንድ ሌሊት 170 ይከፍላሉ፤ ሰባት ሌሊት ካደሩ ግን በአዳር 110 ይደርሳል። ስለዚህ ቀኖቹን አስገብተው ጠቅላላውን ለሌሊቶቹ ያካፍሉ፣ ከዚያ ያወዳድሩ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ ግዴታ የሆነ ክፍያ ሁሉ በሚተዋወቀው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ያዛል። የመንግሥት ግብር ግን ተለይቶ ሊቀር ይችላል። ትክክለኛ ደንብ ነው፤ ተከራይ የሚከፍለውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መያዣ ገንዘብ ከተጠየቁም መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።