ነርሲንግ ወይስ ሚውዚካል ቲያትር?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። ሃይስኩል ከገባሁ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ትምህርት ቤታችን በሚያዘጋጀው ሚውዚካል (በዘፈንና በዳንስ የሚቀርብ ቲያትር) ላይ እሳተፋለሁ። አሁን ሌላ ስቴት ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ በሚውዚካል ቲያትር ቢኤፍኤ (ሙያው ላይ የሚያተኩር የጥበባት ዲግሪ) ተቀብሎኛል። እዚሁ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም በቲያትር ቢኤ (ሰፋ ያለ መደበኛ ዲግሪ) ተቀብሎኛል። እናቴ ነርስ ናት፤ «ነርሲንግ ተማሪ፣ ዘፈኑን ጎን ለጎን ታስኬጂዋለሽ» ትላለች። አባቴ ደግሞ «አገር ጥለን የመጣነው መድረክ ላይ እንድትጨፍሪ ነው?» ብሎ ተቆጥቷል። ሁለቱንም ብማርስ እያልኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልጀምር። ነርሲንግና ቢኤፍኤ አብረው አይሄዱም። የነርሲንግ ተማሪ ሆስፒታል ለልምምድ የሚገባው ገና በማለዳ ነው። ቀኑን የሚመርጠውም እሱ አይደለም። የቢኤፍኤ ተማሪ ደግሞ ቀኑን ክላስ፣ ማታውን ልምምድ ላይ ነው። ሁለቱን የሚችል ሳምንት የለም። ይሄን ሐሳብ ከአሁኑ ተይው።

በቢኤፍኤ ከምትወስጂው ትምህርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሙያው ነው፤ ድምፅ፣ ዳንስ፣ ትወና። በቢኤ ነገሩ ይገለበጣል። ሲሶ ገደማው ቲያትር ሆኖ ሌላው ክፍት ስለሆነ ሁለተኛ ሜጀር፣ ማለትም ሌላ ዋና የትምህርት መስክ፣ መያዝ ይቻላል። ያንቺ ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ለመምረጥ ስለ መድረኩ አታስቢ። ስለ አንድ ተራ ማክሰኞ አስቢ። ጠዋት የባሌት ወይም የታፕ ዳንስ ክላስ አለ። ላብሽ ሳይደርቅ ሙዚቃ ቲዎሪ ትገቢያለሽ። ቀጥሎ የትወና ክላስ ነው፤ እዚያ አንዲት አጭር ትዕይንት ይዘሽ ሳምንታት ልትቆዪ ትችያለሽ። በመሃል የግል የድምፅ ትምህርት አለ። እንደማንኛውም ተማሪ የእንግሊዝኛና የሳይንስ ኮርስም ይጠብቅሻል። ከእራት በኋላ ልምምድ ይጀምርና በሐበሻ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ይዘልቃል። ቤት ስትገቢ የቤት ሥራው ገና ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደግሞ አስተማሪዎቹ ፊት ቆመሽ ትዘፍኛለሽ፤ ጁሪ ይሉታል። መሻሻልሽን የሚያዩት እዚያ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም በዚህ ግምገማ ተማሪ ያሰናብታል። ያንቺ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ጠይቂ።

ብዙ ልጆች የሚፈሩት ዳንሱን ነው። አንቺን ግን ይፈትንሻል ብዬ የምገምተው ኖታው ነው። መዝሙር የተማርሽው በጆሮሽ ነው፤ መሪው ያወጣል፣ እናንተ ትቀበላላችሁ። ጆሮሽ የሰላው በዚያ ነው፤ ትልቅ ሀብት ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን አይተሽው የማታውቂውን ኖታ ፊትሽ አስቀምጠው «ዝፈኚው» ይሉሻል። ከልጅነታቸው ፒያኖ የተማሩ ልጆች አጠገብሽ ቁጭ ብለዋል። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጪ በዚህ ክረምት በአካባቢሽ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጀማሪ ፒያኖ ክላስ ውሰጂ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የካስት ሊስትም፣ ማለትም ማን የትኛውን ሚና እንዳገኘ የሚለጠፈው ዝርዝር፣ ጉዳይ አለ። ሃይስኩል ሳለሽ ስምሽን ከላይ ማየት ለምደሽ ይሆናል። እዚያ የተሰበሰበው ሁሉ ከየትምህርት ቤቱ ስሙ ከላይ የነበረ ነው። አንደኛ ዓመቶችን ትልቅ ፕሮዳክሽን ላይ ጨርሶ የማያሳትፉ ፕሮግራሞች አሉ። ያኔ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ ትተኩሻለሽ፣ ዕቃ ታንቀሳቅሻለሽ፣ መብራት ትሰቅያለሽ። ይሄ ቅጣት አይደለም፤ እንዲያውም ሥራ የሚያስገኝ ሙያ ከዚያ የሚለቀም ይመስለኛል። ግን «ልጄ መቼ ነው የምትታየው?» ለሚለው አባትሽ መልስ አዘጋጂ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የጸደይ ፕሮዳክሽን ብዙ ጊዜ ኤፕሪል ላይ ይወድቃል፤ ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካም እዚያው ናቸው። የእኛ ፋሲካ በብዙ ዓመት ከአሜሪካኖቹ ስለሚለይ ማንም አስቦ ነፃ አያደርግሽም። ለኦዲሽን (ሚና ለማግኘት ለሚደረገው ፈተና) ስትቀርቢ የማይመችሽን ቀን የምትሞይበት ቅጽ አለ። ስቅለትንና የትንሣኤን ሌሊት ያኔውኑ ጻፊ። ቀደም ብሎ የተነገረውን ለማቻቻል ይሞክራሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚነገር ግን ሁሉንም ያናድዳል። መሳሳም ያለበት ትዕይንት የማትፈልጊም ከሆነ ቦታው ያው ነው፤ ሚናው ከተሰጠሽ በኋላ ሳይሆን በፊት ተናገሪ። ካምፓሱን ስትጎበኚ ደግሞ የጥቁር ሴት ፀጉር መሥራት የሚችል ሰው መድረክ ጀርባ እንዳላቸው ጠይቂ። ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ይናገራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኔ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ነው። በ4 ዓመት 27,000 ዶላር ይሆናል። ስኮላርሺፕና ግራንት ተቀንሶ፣ ቤተሰብሽ ሳይጨነቅ የሚከፍለውም ተቀንሶ፣ የቀረው በዚህ ከተሸፈነ ቢኤፍኤውን ሂጂ። ካልተሸፈነ ቢኤውን ያዢ። አባትሽን ፓረንት ፕላስ (ወላጅ በራሱ ስም የሚወስደው የፌዴራል ብድር) አስፈርመሽ ወይም ከባንክ ብድር ጨምረሽ ለዚህ ዲግሪ አትሂጂ። ኦዲሽን ላይ ዲግሪሽን የሚጠይቅ ሰው አታገኚም፤ ዘፈንሽንና ዳንስሽን ነው የሚያዩት። ወርሃዊ ዕዳ ያለበት ተዋናይ ደግሞ ለልምምድ የሚሆን ጊዜ አያገኝም።

ገቢው ምን ይመስላል? የተዋንያንና የስቴጅ ማኔጀሮች ማኅበር የሆነው አክተርስ ኢክዊቲ ከ1913 ጀምሮ አለ። በእሱ ስምምነት የብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች) ተዋናይ ዝቅተኛ ክፍያ በሳምንት ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ይሄን ብቻ ለቤተሰብሽ ከነገርሻቸው ግን አታለልሻቸው። ሾው ይዘጋል፣ ኮንትራት ያልቃል። በየትኛውም ሳምንት ከማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ መድረክ ላይ አይደሉም። ብዙ ተመራቂ ክሩዝ መርከብ ላይ ይዘፍናል፣ ለልጆች ቲያትር ይዞራል፣ ያስተምራል፣ በመሃል ሬስቶራንት ይሠራል።

ቢኤውን ብትመርጪ ከጨዋታው ወጣሁ ብለሽ አትዘኚ። የምትኖሪው ቲያትር በሞላበት አካባቢ ነው። አርሊንግተን ያለው ሲግኔቸር ቲያትር በሚውዚካል የታወቀ ነው፤ በ2009 ከታላቁ የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ከቶኒ የክልል ቲያትር ሽልማትን ወስዷል። ኦልኒ ቲያትር ሴንተር ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ፎርድስ እና አሬና ስቴጅ ዲሲ ናቸው። ቤተሰብሽ ጋ እየኖርሽ ኦዲሽን መሞከር ትችያለሽ። ሁለተኛ ሜጀርሽን ግን እናትሽን ለማስደሰት ብቻ አትምረጪ። ንግግርና ድምፅ ሕክምና፣ ትምህርት ወይም አካውንቲንግ ጥሩ ናቸው። ነርሲንግንም ቢሆን በሩን አትዝጊው፤ ሌላ ዲግሪ ላላቸው የተፋጠነ ፕሮግራም አለ፤ ቅድመ ሁኔታ ኮርሶቹን ካሟላሽ በኋላ መግባት ይቻላል።

በሚቀጥለው ዓመት ለምታመለክቱ አንባቢዎችም በአንድ ትንፋሽ፦ ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚሆን ቪዲዮ የሚላከው በፎል፣ ከሴፕቴምበር በኋላ ነው፤ በአካል የሚደረገው ኦዲሽን በአብዛኛው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ዲሲ ያለውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲንም እዩት። የጥበባት ኮሌጁ ከ2021 ጀምሮ እዚያው በተማረው በተዋናዩ በቻድዊክ ቦዝማን ስም ይጠራል።

አባትሽን በተመለከተ። አዲስ አበባ የተወለደችው ተዋናይት ሩት ኔጋ በ2022 ለቶኒ መታጨቷን አትንገሪው። የአንድ ሰው ዕድል የአንቺ ዕቅድ አይሆንም፤ እሱም ያንን ያውቃል። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ቲያትር መነሳቱንም ለክርክር አታንሺ። አባትሽ ጥበብ አይንቅም፤ የፈራው የቤት ኪራይሽን ነው። ስለዚህ ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ፤ በአንድ በኩል የቢኤፍኤው የ4 ዓመት ወጪ፣ በሌላው የቢኤው፣ ከሥር በስምሽ የሚቀረው ዕዳ። እናትሽም አብራ ትቀመጥ። የምሽት ፈረቃና የደከመ ሰውነት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ከላይ ስለ ማክሰኞ የጻፍኩትንም አንብቢላት።

ከዚያ በፊት ግን ለቢኤፍኤው ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደብዳቤ ጻፊ። የሌላውን ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ አያይዢና እንዲጨምሩልሽ ጠይቂ። ለቲያትር ዲፓርትመንቱም ለየብቻ ጻፊ፤ የተሰጥኦ ስኮላርሺፕ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መልስሽን የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ ሁለቱንም በዚህ ሳምንት ላኪ።