ምሳ ዕቃው ለምን በሁለት ፌስታል ታሰረ?

«ጤና ይስጥልኝ። ከአምስት ኪሎ በኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የቤት ዕቃ የሚያመርት አንድ ድርጅት ለምርት ልማት ክፍሉ ጀማሪ ባለሙያ ሊቀጥር ስድስታችንን ጠርቶ የቤት ሥራ ሰጠን፦ በመሃል አዲስ አበባ ቢሮ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሆን አዲስ ምሳ ዕቃ በአሥር ቀን ውስጥ አስባችሁ ኑ። እኔ መጠይቅ አዘጋጅቼ በቴሌግራም በተንኩ። 64 ሰው ሞላልኝ፤ 58ቱ «ቢወጣ እገዛለሁ» ብለዋል። ንድፉንም በኮምፒውተር ጨርሻለሁ፤ ሦስት ክፍል አለው፣ ከሥሩ በባትሪ ይሞቃል። ስድስት ቀን ይቀረኛል። ማርኬቲንግ ስላልተማርኩ ግን ፈርቻለሁ። ሲያዩት ይበቃል ይላሉ?»

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ንድፉን አየሁት፤ እጅሽ ጥሩ ነው። ግን አይበቃም። ስድስት ቀን መቅረቱ ነው ደስ ያለኝ።

ከ58ቱ ልጀምር። እነማን ናቸው? የክፍልሽ ልጆች፣ የሰፈር ልጆች፣ የአክስትሽ ልጅ፣ የወንድምሽ ጓደኞች። ሥራ ፍለጋ ላይ ያለች ልጅ «ይህን ብሠራ ትገዛለህ?» ስትለው «አልገዛም» የሚል አንጀት ያለው ሰው እስኪ አምጪልኝ። እኛ ሰው ቤት ገብተን ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ብለን ነው የምንወጣው። ይሉኝታ ጥሩ ባህል ነው፣ ጎረቤት ያኗኑራል፤ ለአዲስ ዕቃ ንድፍ ግን መርዝ ነው። በዚያ ላይ «እገዛለሁ» የወደፊት ነገር ነው። ወደፊት ሁላችንም ገንዘብ እንቆጥባለን፣ በጠዋት ተነስተን እንሮጣለን።

ይህን የምነግርሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ወደዚህ የምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ያኔ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሳቸው ቤቶች ብለን ከሥሩ ቧንቧ ያለው የ20 ሊትር ማጠራቀሚያ ሠራን። ባዛር ላይ ይዘነው ወጣን፤ ሰው እየነካካ አደነቀው፣ «እንዲህ ያለ ነገር ነበር የጠፋው» አለን። ብዙ አመረትን። ከዚያ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ቀረ። ምክንያቱን ያወቅነው አንዲት የገዛች ሴትዮ ቤት ስንሄድ ነው። ማጠራቀሚያው ወለል ላይ ተቀምጧል። ቧንቧው ከወለሉ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ጆግ ከሥሩ አይገባም። በርጩማ ላይ ይውጣ እንዳይባል፣ ሲሞላ 20 ኪሎ ውሃ ነው፤ ማን ያነሳዋል? ሴትዮዋ ክዳኑን ከፍታ በጣሳ ትቀዳለች። ባዛሩ ላይ እኛ ጠረጴዛ ላይ ነበር ያሳየነው። ለስንት ሰው አሳይተን አንድም ሰው ልብ አላለም፤ እኛም ጭምር።

ስለዚህ ንድፍሽን ለሰው አታሳዪ። ቢያንስ አሁን አታሳዪ። ካሳየሽ ሰውየው ስለ ንድፍሽ ያወራል እንጂ ስለ ምሳው አያወራም። «ምን ዓይነት ምሳ ዕቃ ትፈልጊያለሽ?» ብለሽም አትጠይቂ፤ ያ ያንቺ ሥራ ነው፣ የእሷ አይደለም። ያለፈውን ጠይቂ። «ትናንት ምሳ ምን በላሽ? ከቤት ነው ያመጣሽው? ማን ቋጠረልሽ? ታክሲ ውስጥ የት አስቀመጥሽው?» ትናንት የሆነ ነገር ለይሉኝታ ብዙ ቦታ አይሰጥም።

ከጥያቄ ደግሞ ማየት ይበልጣል። ደብዳቤሽ ስለደረሰኝ ትናንት ሰኞ በምሳ ሰዓት ለገሃር አጠገብ ወደምትሠራ የማውቃት የሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳልጠይቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከቦርሳዋ ጥቁር ፌስታል አወጣች፣ ቋጠሮውን ፈታች። ውስጡ ሌላ ነጭ ፌስታል፤ እሱም ተቋጥሯል፣ እምቢ ሲላት በጥርሷ ፈታችው። ምሳ ዕቃው የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኑ ላስቲክ አለው፣ በአራቱም ጎን ይቆለፋል፤ «አያፈስም» ተብሎ የተሸጠላት ነው። ክዳኑን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የተጠቀለለውን እንጀራ እሱ ላይ ዘረጋችና ምንቸት አብሹን ገለበጠችበት። ሦስት ባልደረቦቿ ወንበር እየሳቡ መጡ፣ የእነሱም ተከፈተ፣ ሁሉም ከሁሉም ጎረሰ። ሲጨርሱ «ይሄ ምሳ ዕቃሽ ምን ችግር አለበት?» አልኳት። «ኧረ ምንም ችግር የለበትም፤ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝ ሁለቱን ፌስታሎች ለማታ መልስ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ እየከተተች ነበር።

አየሽ? ሰው የለመደውን ችግር ችግር ብሎ አይቆጥረውም። መጠይቅ ብትልኪላት «አጥጋቢ» የሚለውን ትሞላልሽ ነበር። «በፌስታል ማሰር መቼ ጀመርሽ?» ስላት ግን ሳቀችና ነገረችኝ። ከመገናኛ በሚኒባስ ስትመጣ ሰው ተጨናንቆ ቦርሳዋ በጎኑ ተጋድሞ ኖሮ፣ ለአለቃዋ የምታደርሰውን ሰነድ ወጥ አጠጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆላፊ ክዳን አታምንም። «ለምን» ብዬ ብጠይቃት «እንዲሁ ልማድ ሆኖብኝ» ትለኝ ነበር። «መቼ» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ያወጣል፤ በደብተርሽ ላይ አስምሪበት።

አሁን ወደ ንድፍሽ እንመለስ። ሦስት ክፍል አልሽ። ከሦስቱ የትኛው ላይ ነው እንጀራ የሚዘረጋው? እነዚያ አራት ሰዎች ምሳ ዕቃውን መያዣ ብቻ ሳይሆን ሳህንም፣ ገበታም አድርገውታል። ባትሪውንስ ማን ያጥባል? የሚበላው አንድ ሰው ነው፤ የሚገዛው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የሚያጥበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ሰው ነው፦ እናት፣ ሚስት፣ የቤት ሠራተኛ። ማታ ምሳ ዕቃው ከሌላው ዕቃ ጋር ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ባትሪ ያለው ዕቃ ሳፋ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? የምታጥበውን ሰው ሳታነጋግሪ ወደዚያ ድርጅት እንዳትሄጂ። እሷ ስለ ላስቲኩ ብቻ የምትነግርሽ ነገር ግማሽ ገጽ ይሞላል፤ ሥሩ የሚቀረውን ዘይት ለማውጣት በመርፌ ቁልፍ ነቅላ የምታጥብ አውቃለሁ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ መሳቢያ ውስጥ ሁለተኛ ምሳ ዕቃ አለ፣ ባለ ሰማያዊ ክዳን። የጾም ነው። ፕላስቲክ የንጥር ቅቤን ሽታ ይይዛል፤ በሳሙና ቢፈትጉትም አይለቅም። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ማክሰኞ ዶሮ የበላችበትን ረቡዕ ሽሮ ልታደርግበት አትፈልግም። ሁለት የገዛችው ሁለት ስላስፈለጋት ሳይሆን አንዱ ስለሚሸት ነው! ሽታ የማይይዝ ዕቃ ብታመጪ፣ ወይም ውስጡ ብቻ የሚቀየር፣ ይህ ከባትሪ በላይ ነው። መጠይቅሽ ውስጥ ግን «ጾም» የሚል ቃል አላየሁም። (አንቺም ጿሚ ነሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ለቅርብ ነገር ዓይን ማጣት የሁላችንም ነው።) በነገራችን ላይ የድሮ ሰው አገልግልን ሲሠራ ይህን ሁሉ አስቦበታል። ከውጭ ቆዳ ለብሷል፣ በጠፍር ይታሰራል፣ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ በቅሎ ላይ ተጭኖ አገር አቋርጦ እንጀራው ሳይደርቅ ይደርስ ነበር።

ሰዎች ዕቃውን ከታሰበለት ውጪ ሲጠቀሙበት ካየሽ እዚያ ላይ ቆም በይ። ክዳኑ ገበታ መሆኑ እንደዚያ ያለ ነገር ነው። አሁን እኛም አገር የገባው ኤም-ፔሳ በ2005 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሲሞከር የተሠራው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሞካሪዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርሳቸው ሲላላኩበት ታዩ። በ2007 ለሕዝብ ሲወጣ ብድሩ ቀርቶ «ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ» ተብሎ ወጣ። መጠይቅ ላይ ያንን ማን ይጽፈው ነበር?

ማርኬቲንግ አልተማርኩም ብለሽ መፍራትሽን ተዪው። በጥራት ኮርስ ላይ «የጥራት ቤት» የሚባለውን፣ የደንበኛውን ፍላጎት ከዕቃው አሠራር ጋር የሚያገናኘውን ሰንጠረዥ ሠርተሽ ይሆናል፤ በ1972 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኮቤ በሚትሱቢሺ የመርከብ ማምረቻ የተጀመረውን። የግራው ዓምድ የደንበኛው ቃል የሚጻፍበት ነው። ተማሪ ሆነን ሁላችንም ያንን ዓምድ ከጭንቅላታችን ነው የሞላነው፤ አስተማሪም አልጠየቀን። አሁን በእውነት ሙይው። «አራት መቆለፊያ ይኑረው» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ እሱ መፍትሔ ነው፣ ቦታው ከሰንጠረዡ በላይኛው ረድፍ ነው። «ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬ ቢጋደምም ሰነዴ እንዳይበላሽ» ብለሽ ጻፊ። ሰዎቹ ባሉት ቃል፣ አማርኛውን ሳታሽሞነሙኚ። ኖሪያኪ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳየው አንድ ነገር አለ፦ ሰው የግድ መኖር ያለበትን ነገር አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፣ ሲጎድል ግን ዕቃውን ይጥለዋል። «እንዳያፈስ» ብሎ የሚነግርሽ ሰው ላታገኚ ትችያለሽ። ፌስታሉን አይተሽ አንቺ ጻፊው።

ስንት ሰው ይበቃል? ግሪፈንና ሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአንድ ዓይነት ደንበኞች ዘንድ ከ20 እስከ 30 ሰው አንድ በአንድ ቢጠየቅ ከፍላጎቱ 90 ከመቶው ወይም በላይ ይወጣል። አንቺ ስድስት ቀን ነው ያለሽ፤ አሥራ ሁለት ሰው በደንብ ካየሽ ግሩም ነው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆኑብሽ። ሜክሲኮ ዙሪያ ካሉት ባንኮች፣ አራት ኪሎ ካሉት የመንግሥት ቢሮዎች፣ ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሱቆች። ሥጋ የሚለያቸው ሙስሊምና ክርስቲያን ባልደረቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲበሉ እንዴት እንደሚያደርጉ ተመልከቺ። ምሳ ዕቃ ያለው ግን የማይዘው ሰውም አይቅርብሽ፤ ለምን ቤት እንደተወው እሱ ነው የሚያውቀው።

አቀራረቡ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። የሰው ምሳ ላይ ዘው ማለት ነውር ነው። የምታውቂው ሰው ያስተዋውቅሽ፤ «ለሥራ ፈተና ነው» በይ፣ እውነቱም እሱ ነው። ጋብዘውሽ «ብዪ እንጂ» ካሉሽ አትግደርደሪ፣ አንድ ጉርሻ ተቀበዪ፤ ደብተርሽን ከዚያ በኋላ ክፈቺ። ሳታስፈቅጂ ድምፅ አትቅረጪ፣ ፎቶ ስታነሺም ዕቃውን እንጂ ፊታቸውን አታንሺ። ሲመልሱልሽ ደግሞ ዝም በይ። ዝምታው ሲረዝም አንቺ ልትሞይው ይቃጣሻል፤ ቆይ፣ እነሱ ይሙሉት። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ «ደግሞ ምን መሰለሽ…» ከሚለው በኋላ ነው የሚመጣው።

ያ ድርጅት ስድስታችሁን የጠራው ዝግጁ ምሳ ዕቃ ፈልጎ አይመስለኝም፤ የዕቃውን ቅርጽ ማውጫ አሠርቶ የሚያመርተው ከባለሙያዎቹ ጋር ተማክሮ ነው። አምስቱ ያማረ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። አንቺ መጀመሪያ የሁለቱን ፌስታል ፎቶ አሳዪያቸው። 58ቱን አትደብቂ፦ «መጀመሪያ እንዲህ ጠየቅኩ፣ መልሱ ይህ ነበር፣ ሄጄ ሳይ ግን ሌላ ሆነ» በያቸው። ባትሪውን ያወጣሽበትንም ምክንያት ንገሪ። የራሱን ሐሳብ በማስረጃ የጣለ ጀማሪ እኔ በቃለ መጠይቅ ላይ ስቀመጥ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ያጋጠመኝን አልለቀቅኩም። ይቀጥሩሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ የእኔ ውሳኔ አይደለም። ባይሆን እንኳ ያ ደብተር ለሚቀጥለው ማመልከቻሽ «ዜሮ ዓመት ልምድ» ከሚለው የተሻለ ነገር ያጽፍሻል። ባንኮችም፣ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ድርጅቶችም ይህንኑ ሥራ በሌላ ስም ይቀጥሩበታል።

ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ከስድስት ሰዓት በፊት ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች ጋር ተቀጣጠሪና ምን እንዳመጡ፣ በየትኛው ዕቃ እንዳመጡ ጻፊ። ሐሙስ ደግሞ ወደ እነዚያው ሰዎች ተመለሺ፤ ዕቃው ተቀይሮ እንደሆነ እዪ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ። ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፤ ያንቺንም ምሳ ዕቃ፣ ሳታጥቢው።