ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሞንስተር ትራክ የጠየቃችሁኝ

ሞንስተር ጃም ስለተባለው የሞንስተር ትራክ ውድድር የዓለም ፍጻሜ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። አንዳንዱ አንድ መስመር ነው፣ አንዳንዱ ሙሉ ገጽ። አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ። ጽሑፉ ላመለጣችሁ፦ ሞንስተር ትራክ ጎማው ብቻ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር የሚቆም፣ አምስት ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን፣ ሞተሩ 1500 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው መኪና ነው። የዓለም ፍጻሜው የዓመቱ ምርጥ ነጂዎች ተሰብስበው በሩጫና በፍሪስታይል የሚለዩበት መድረክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢ ከወንድሙ ጋር ተወራርዷል። ወንድሙ "ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ተስማምተው ነው የሚገቡት፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ሬስሊንግ ነው" ይላል።

መልስ፦ ወንድምህ ተበልቷል። ሩጫው የለየለት ጥሎ ማለፍ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይነሳሉ፣ የቀደመው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል፣ የተቀደመው ይሰናበታል። ፍሪስታይሉ በነጥብ ነው። አንዱ መኪና ብቻውን ሜዳ ይገባና በተሰጠችው ሁለት ደቂቃ ገደማ የቻለውን ሁሉ ያሳያል። በአሁኑ ጊዜ በመደበኛው ውድድር ነጥብ ሰጪው ተመልካቹ ነው። በስልኩ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፣ አማካዩ ይያዛል። "ሕዝቡ ለሚወደው መኪና ያዳላል" የሚል ቅሬታ አለ፤ እኔም እስማማበታለሁ። በሙያው የተካኑ ዳኞች ቢመለሱ ደስ ይለኛል። ግን ማዳላት ሌላ፣ ተስማምቶ መሸነፍ ሌላ።

ጥያቄ፦ የኋላ ጎማው ለብቻው ይዞራል ወይስ አይዞርም? ባልና ሚስት ተከራክረውበታል።

መልስ፦ ይዞራል። ነጂው የፊቱን በመሪ፣ የኋላውን በእጁ በሚነካት ትንሽ ማብሪያ ያዞራል።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር የምህንድስና ተማሪ ነኝ የሚል አንባቢ ቪዲዮ አይቶ ገርሞታል። መኪናው አየር ላይ ነው፣ ጎማው ምንም አይነካም። ነጂው ግን ነዳጅ ሲሰጥ ይሰማል። ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። አየር ላይ መሪው እኮ ነዳጁና ፍሬኑ ነው።

አራቱም ጎማዎች እያንዳንዳቸው በመቶዎች ኪሎ የሚመዝኑ ናቸው። ነጂው አየር ላይ እያለ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማዎቹ ወደፊት በፍጥነት ይሽከረከራሉ። የመኪናው አካል ደግሞ በተቃራኒው ይዞራል፤ ማለትም አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ፍሬን ሲይዝ የጎማዎቹ ሽክርክሪት ወደ አካሉ ይተላለፍና አፍንጫው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው በአፍንጫው ሊተከል ነው ብለን ትንፋሽ ስንይዝ ድንገት ሞተሩ ሲያጓራ የምንሰማው፣ ነጂው አፍንጫውን ሲያነሳ ነው። ሲወርድም ጎማዎቹ እየዞሩ መሬት ቢነኩ ይመረጣል፤ ቆመው ከነኩ ምቱ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ዘንግ ሊሰብረው ይችላል።

ወደ ኋላ የሚገለበጡትም በዚሁ ነው። ቀጥ ካለ የአፈር ግድግዳ ላይ ወጥተው ነዳጁን ይረግጡታል፣ መኪናው ዞሮ በእግሩ ይወርዳል። ወደፊት መገለባበጥ ግን ሌላ ጉድ ነው። ነዳጅ መስጠት ወደማይፈለገው አቅጣጫ ይወስዳልና ዙሩ በአብዛኛው ከመወጣጫው መምጣት አለበት። በ2017 በላስ ቬጋሱ የዓለም ፍጻሜ ሊ ኦዶኔል በማድ ሳይንቲስት መኪናው ወደፊት ተገልብጦ በጎማው ሲያርፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሞንስተር ትራክ ተደርጎ አያውቅም ነበር። የመምህርህን ፈቃድ ጠይቅና የክፍል ሥራ አድርገህ አስላው። ሙሉ ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ የዳላስ አንባቢያችን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ከባሏ ጋር ጣሪያ ባለው አዳራሽ የሚደረግ ውድድር ልታይ ትኬት ቆርጠዋል። እናቷ "ድምፁ ለፅንሱ አይሆንም" ብለዋታል፤ ባሏ "አንድ ምሽት ምን ያመጣል" ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ስሚ። ቢያንስ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትሂጂ። ይህን ለወጉ ያህል የምለው አይደለም፤ ደውዪላቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነት ተመራማሪዎች ለሠራተኛ ያስቀመጡት ልክ 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ለስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ላደገ ሰው የወጣ ልክ ነው። የሞንስተር ትራክ ሞተር ጣሪያና ግድግዳ ባለበት ቤት ሲያጓራ ምን እንደሚሆን አስቢው። አንቺ ጆሮሽን ብትሸፍኚ የተጠበቀው ያንቺ ጆሮ ነው። ለሆድሽ መሸፈኛ የለውም፤ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚታፈነው ጭስም ለብቻው ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው።

ትልቁ ልጅሽ ከአባቱ ጋር ይሂድ። ጆሮው ውስጥ የሚገባ ስፖንጅ ሳይሆን ጆሮውን ሙሉ የሚከድን፣ በልጅ ልክ የተሠራ መከላከያ ይግዙለት። ቤት ውስጥ አስቀድመው ያስለምዱት፤ እዚያ ሲደርስ አውልቆ እንዳይጥለው። ከወጡ በኋላ "ጆሮዬ ይጮኻል" ካለ መከላከያው አልሠራም ማለት ነውና በሚቀጥለው ቀን ሐኪም ይየው። አባትየውም ለራሱ ያድርግ። ልጅ የሚያደርገው አባቱ ሲያደርግ ያየውን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አባት የ12 ዓመት ልጃቸው ሞንስተር ትራክ ነጂ ካልሆንኩ ብላለች። ዘመድ ሁሉ "የወንድ ሥራ ነው፣ አስተዋት" ይላቸዋል።

መልስ፦ አቶ አባት፣ አያስተዋት። ለዘመዶችዎ ሁለት ስም ይንገሩልኝ። ማዱሳ በሚል ስም የምትታወቀው ዴብራ ሚሴሊ በሬስሊንግ ከታወቀች በኋላ ወደ ሞንስተር ትራክ መጥታ በ2005 የዓለም ፍጻሜውን ሩጫ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ አሸንፋለች። ክሪስተን አንደርሰን ደግሞ አባቷ ዴኒስ አንደርሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ካሮላይና የፈጠረውን ግሬቭ ዲገርን በ2017 በመንዳት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ግሬቭ ዲገር በዚህ ስፖርት ከሁሉም በላይ የሚታወቅ መኪና ነው። አባት ለልጁ አምኖ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወርስ ማየት ልብ ይነካል።

አሁን ምን ታድርግ? ጋራዥ ይውሰዷት። መፍቻ ትያዝ፣ ጎማ ትፍታ፣ እጇ በግራሶ ይቆሽሽ። መኪናው ምን ላይ እንደሚሰበር የሚያውቅ ነጂ ከሌላው የተሻለ ነው። አቅም ካለ የካርቲንግ (የትንንሽ የውድድር መኪና) ትምህርት ቤት ያስገቧት። ሂሳብና ፊዚክሱንም አትርሳ።

ጥያቄ፦ ካርኒቫል ላይ ሕዝብ በሚጭን ሞንስተር ትራክ ተሳፍሬ አንገቴን አመመኝ። ሳምንት አለፈው።

መልስ፦ ሳምንት ከሆነው ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ የዴንቨር አንባቢያችን የአበሻ ማኅበረሰቡን ዓመታዊ የቤተሰብ ቀን ያስተባብራል። የራሱ ሞንስተር ትራክ ያለው ሰው በርካሽ ሊሠራላቸው ተስማምቷል። ቦታው የአንድ ገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ነው። አሮጌ መኪኖች ተደርድረው ይጨፈለቃሉ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። የጠየቀኝ ማስታወቂያውን እንዴት እንደሚጽፍ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማስታወቂያውን አቆየውና ስለ ሃክስበርገን ልንገርህ።

ሃክስበርገን በምሥራቅ ኔዘርላንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2014 እዚያ የተደረገው ልክ አንተ ያሰብከው ነው። መኪና ማቆሚያ፣ የተደረደሩ አሮጌ መኪኖች፣ ከቀላል አጥር ጀርባ የቆመ ቤተሰብ። ሞንስተር ትራኩ መኪኖቹን ወጥቶ ወረደ። ግን አልቆመም። ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ሦስት ሰው ሞተ፣ አንዱ ልጅ ነው። ብዙዎች ቆሰሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2013፣ በሜክሲኮዋ ቺዋዋ እንዲሁ መኪና ጨፍልቆ የወረደ ሞንስተር ትራክ ተመልካቹ ላይ ወጥቶ ቢያንስ ስምንት ሰው ገድሏል።

"ፈቃድ እናወጣለን" ትለኝ ይሆናል። ሃክስበርገንም ፈቃድ ነበራት። የአገሪቱ የደኅንነት መርማሪ ቦርድ አዘጋጁንም ፈቃድ የሰጠውን ማዘጋጃ ቤትም ወቀሰ፣ ከንቲባው ሥልጣኑን ለቀቀ። የሞቱት ግን አልተመለሱም።

ቀላል ሂሳብ ልስጥህ። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነዳጅ መስጫው ቢጣበቅ፣ ነጂው አስተውሎ እግሩን እስኪያነሳ ያቺ ሰከንድ አልፋለች። ሕዝብህ የቆመው ስንት ሜትር ላይ ነው? አጥሩስ ምንድን ነው? እንዲህ ባለ ዝግጅት የሚተከል ቀላል አጥር አምስት ቶን ተኩል አያቆምም። መኪናውም ተሽከርካሪ ሁሉ ላይ እንዲወጣ ሆኖ የተሠራ ነው፤ አጥር ምኑም አይደለም።

ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ይህ ሁሉ ታስቦበታል። እያንዳንዱ መኪና ከርቀት በሬዲዮ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ አለው። አንድ የተመደበ ሰው መቆጣጠሪያውን በእጁ ይዞ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ከትርኢቱ በፊትም ይፈተሻል፦ ይጫነዋል፣ ያ ሁሉ ጩኸት ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሳል። የፊት ረድፎች ባዶ ይተዋሉ። ብዙዎቻችሁ "ለምን እነዚህን ወንበሮች አይሸጡም" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። መልሱ ይሄው ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ አይጠፋም። በ2009 መጀመሪያ በታኮማ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ከመኪናው ተፈንጥሮ የወጣ ብረት፣ በተመልካች ወንበር ላይ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ገድሏል። ጥንቃቄ ባለበት ይህ ከደረሰ፣ በሌለበት ምን ይደርሳል?

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መኪናውን አምጡት፣ ግን አይንቀሳቀስ። ሞተሩ ጠፍቶ ይቁም፣ ልጆች ጎማው ስር ቆመው ፎቶ ይነሱ፣ ነጂው ያጫውታቸው። እመነኝ፣ ልጆቹ ያን ቀን አይረሱትም። "አይ፣ መጨፍለቁ ካልኖረ" ካላችሁ ግን እኔን አትጠይቁኝ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱንና እንዲህ ያለ ትርኢት ሲያዘጋጅ የኖረ የደኅንነት ባለሙያ ጠይቁ። ሦስቱም። ባለሙያው ከመኪናው ባለቤት ጋር የማይሠራ ይሁን፤ ቦታውን በእግሩ ሄዶ ይየው፣ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካመነታ ነገሩ ይቅር። ደብዳቤ ስትልክልኝ ምን እንደወሰናችሁ ንገረኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ወረፋ የሰለቸው የአዲስ አበባ አንባቢ፣ ሞንስተር ትራኮቹ በሚጠቀሙበት ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነዳጅ) የራሱን መኪና መንዳት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል።

መልስ፦ አይሆንም። የነዳጅ መስመሩ ለሜታኖል ካልተሠራ ይበላሻል፤ ከቤንዚን እጥፍ በላይም ይፈጃል። ዋናው ግን መርዝ መሆኑ ነው። ጥቂቱ ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ሲነድ ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ቤትህ አታስገባው።

ጥያቄ፦ የዓለም ፍጻሜውን ላይ ብዬ ላስ ቬጋስ ትኬት ብፈልግ አጣሁ።

መልስ፦ ከላስ ቬጋስ ከወጣ ቆየ። ከ2000 እስከ 2018 እዚያ ሳም ቦይድ ስታዲየም ነበር። በ2019 ወደ ኦርላንዶ ሄደ። ከወረርሽኙ በኋላ በ2022 ያው ኦርላንዶ፣ በ2023 ናሽቪል፣ በ2024 ሎስ አንጀለስ፣ በ2025 ሶልት ሌክ ሲቲ ተደረገ። ትኬት ከመፈለግህ በፊት የዓመቱን ከተማ አጣራ።

ጥያቄ፦ ግሬቭ ዲገር ምን ዓይነት መኪና ነው? ልጄ ፎርድ ነው ይላል፣ እኔ ሼቭሮሌት።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሲጀመር አሮጌ ፎርድ ፒካፕ ነበር። ዛሬ የምናየው ቅርጽ የ1950 ሼቭሮሌት ቫን ነው፤ ቦዲው ግን ፋይበርግላስ ነው።