ያን ድምፅ ሳጣው ዘፋኙን የጠላሁት መሰለኝ

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ጉዳዬ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ እኔን ግን ሦስት ወር ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ከርሟል። ስለ አንድ ድምፃዊ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን አብሮን የኖረ ስለሆነ ግን አንደበቴ አይታዘዘኝም።

አባቴ አንድ ካሴቱ ነበረው። ቴፑ ክሩን ሲበላበት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሰዋል። አንድ ቀን ተበጠሰና በፕላስተር ቀጠለው፤ ከሁለተኛው ዘፈን አንዲት ቃል ጎደለች። ቃሏን አውቃታለሁ፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን ሳንጎራጉር እዘላታለሁ። አባቴ ያረፈ ሰሞን ከለቀስተኛው ሁሉ ይልቅ ያጽናናኝ፣ በር ጀርባ ተሰቅሎ ስለቀረ ካፖርት የዘፈነው ስንኝ ነው።

ታዲያ በገና ሰሞን ዝግጅቱን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። ከፍ የሚለው አዝማች ላይ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ወደ እኛ አዞረው። አንድ ጊዜ ቢሆን ፍቅር ነው እል ነበር፤ እሱ ግን በየዘፈኑ አዞረው። ሁለቱ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ድምፁ ሳያልቅ ከንፈሩ ሲዘጋ አየሁ፤ ፕሌይባክ ነበር። አዲሱ አልበሙም «ፍቅሬ፣ ልቤ፣ ናፍቆቴ» እየተባለ የሚዞርበት፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል ግጥም ነው። ያ ካፖርቱን ያየ ዓይን የት ሄደ?

አጠገቤ የነበሩ ወጣቶች ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ አዝኜለት ሳይሆን ተናድጄበት ነው። ቤቴ ስገባ «እባክህ በቃህ፣ ስምህን ይዘህ ተቀመጥ» የሚል አራት ገጽ ጻፍኩለት። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ ወንድሜ ለፋሲካው ዝግጅት ሁለት ትኬት ገዝቷል። ደብዳቤውን ልላከው? ወደ ዝግጅቱስ ልሂድ?

ካሴቱን ያልጣለችው፣ ከአዳማ

———

እህቴ፣

ደብዳቤውን እንዳለ አትላኪው። ውስጡ ሁለት ክስ አለ። አንዱ እውነት ነው፣ ሌላው ግን በደል ነው፤ አብረው ከሄዱ እውነተኛውም አይሰማም።

በደል ያልኩት የድምፁን ነው። የድምፅ አውታሮቻችን ከዕድሜ ጋር ይሳሳሉ፤ እንደ ቀድሞው ስለማይገጥሙ አየር ያሾልካሉ። የማንቁርት ለስላሳ አጥንት ይጠጥራል፤ ሳንባም የድሮውን ያህል ትንፋሽ አይሰጥም። በ30 ዓመቱ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን ስንኝ በ70 ዓመቱ ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። በዚህ ማንም አይወቀስም። የታወቀ ዘዴም አለው፤ ባንዱ ዜማውን ዝቅ አድርጎ ይጫወትለታል። ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቼል በሃያዎቹ ዕድሜዋ በቀጭን ድምፅ የዘፈነችውን «ቦዝ ሳይድስ ናው» በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኦርኬስትራ ታጅባ ስትደግመው፣ ድምፅዋ ወርዶ፣ ሻክሮ ነበር። ሕይወትን ከሁለት ወገን አየሁት የሚለው ዘፈን እኔን የነካኝ ያኔ ነው፤ የወጣትነቱ ቅጂ ከዚያ በኋላ ትንቢት ይመስለኛል።

የአንቺ ሰው ዝቅ ከማለት ይልቅ ማይክሮፎን ማዞሩን የመረጠው፣ ያንን የድሮ ድምፅ ካላገኘን የምንሸሸው መስሎት ይመስለኛል። አጠገብሽ የሳቁት ልጆችም ይህንኑ ነው የነገሩት። ጥላሁን ገሠሠ ግን ሕመም እግሩን ነጥቆት እንኳ ሕዝቡ አልሸሸውም፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አዲስ አበባ እንዴት እንደሸኘችው አንቺም ታስታውሻለሽ። ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበት ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር። በቃህ ማለት የእኔም የአንቺም ሥልጣን አይደለም።

ስለ ግጥሙ ግን ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር ነኝ። ብዕር እንደ ማንቁርት አያረጅም። ካናዳዊው ገጣሚና ዘፋኝ ሊዮናርድ ኮኸን በሕይወት ሳለ የመጨረሻ የሆነውን አልበሙን በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው በ82 ዓመቱ፣ ሊሞት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ድምፁ ከመሬት በታች የሚመጣ ያህል ጎርንኖ ነበር፤ ከስንኞቹ ግን አንድም በዘፈቀደ የተቀመጠ የለም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላንም በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ያለቀለት መስሎት እንደነበር ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፏል፤ ከዚያ በ1997 ባወጣው አልበም የዓመቱን ምርጥ አልበም የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ስለዚህ ካፖርቱን ያየው ዓይን ጠፍቷል ብዬ አልቀበልም። ልምድ ሆኖበት በተዘጋጀ ቃል መጻፍ ጀምሯል፤ ያንን ደግሞ የሚወደው ሰው ሊነግረው ይገባል፤ ዙሪያውን ያሉት አይነግሩትም።

ከወንድምሽ ጋር ሂጂ። ከዚያ በፊት አራቱን ገጽ ወደ አንድ አውርጂው። «በቃህ» የሚለውን አውጪው። የካፖርቱን ስንኝ በእጅሽ ገልብጪና ከሥሩ አባትሽ ባረፈ ሰሞን ምን እንዳደረገልሽ ጻፊለት፤ ቀጥለሽ አዲሱ አልበም ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር ፈልገሽ እንዳጣሽ ሳታለሳልሺ ንገሪው። ዘፈኖቹን ዝቅ አድርጎ ቢዘፍናቸው እንደምትሰሚውም ጨምሪበት። ወረቀቱን ከመድረክ ጀርባ ለባንዱ አባል ስጪ፤ እጁ ይገባል። ስለ ፕላስተሩም ጻፊለት፤ የቱ ቃል እንደጎደለ ሳትነግሪው አትቅሪ።