ጠዋት ቆፈን፣ ቀን ሙቀት፦ አንድ ስስ ጃኬት ለሁሉም ይሆናል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ አደባባይ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለታክሲ ስሰለፍ ንፋሱ ይገርፈኛል። ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የለበስኩትን አውልቄ የት እንደማደርገው ግራ ይገባኛል። ወፍራም ሹራብ ሞክሬ ነበር፤ ንፋሱን አላስቆመልኝም፣ ቀን ደግሞ አፈነኝ። አሁን አንድ ስስ ጃኬት ልግዛ ብያለሁ። ለቢሮም፣ ለቅዳሜ ቡናም፣ ለቤተ ክርስቲያንም የሚሆን። ጂንስ ይሻለኛል ወይስ ቦምበር? ከምንስ ጋር ልልበሰው? እባክዎ ይምከሩኝ።
ቆፈን ያስመረራት

መልስ፦ ልጄ፣ ሰፈርሽን አውቀዋለሁ። ሜዳ ነው፤ ንፋሱን ሃይ የሚለው የለም። እኔ የምሰፋው የካ አባዶ ነው። እዚህ ብርዱ ብርድ ነው፣ ንፋሱ ግን የእናንተን ያህል አይደፍርም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች እናንተ ሰፈር ታክሲ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ አንድ ጃኬትም ይጨምሩበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለዳው ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። ከሰዓት ደግሞ 23 እና 24 ይደርሳል። ስለዚህ የምትገዢው ጃኬት የቀኑን ግማሽ ገላሽ ላይ አይውልም። ወንበር ላይ፣ ክንድሽ ላይ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ነው የሚውለው። ሴቶች ሱቅ ገብተው መስታወት ፊት ለብሰው ያዩታል፤ አውልቀው የሚያዩት ግን ጥቂት ናቸው። አንቺ አውልቂው። ጠቅልለሽ የዘወትር ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ካልገባ ይቅርብሽ። ከገባ ደግሞ አውጪና አራግፊው። የተጨማደደው እዚያው ካልተፍታታ፣ ቢሮም እንደተጨማደደ ነው የምትለብሺው።

ሹራብሽ ያልጠቀመሽ ስለሳሳ አይደለም። ቀዳዳ ስላለው ነው። ለንፋስ መድኃኒቱ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ ስስ ቢሆንም ግድ የለም። ጨርቁን አፍሽ ላይ ያዢና እፍ በይበት፣ በወዲያ በኩል መዳፍሽን አድርጊ። ትንፋሽሽ መዳፍሽን ከነካው የቱሉ ዲምቱ ንፋስም ይነካሻል። ጥሩ ካኪና ናይለን ትንፋሹን ይዘው ያስቀሩታል። ሻጩ ይስቅብሽ ይሆናል። ይሳቅ።

«ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ከማለልሽ ደግሞ ከውስጥ ከጨርቁ ጠርዝ ትንሽ ክር ምዘዢና ውጭ ወጥተሽ ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የስፌቱን ክር ግን አትምዘዢ፤ ጃኬቱ ጥጥ ቢሆንም የስፌት ክር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ ሻጩን በከንቱ ታሚዋለሽ።

ጂንስ ወይስ ቦምበር ላልሽው፣ ለአንቺ ቦምበር። ቦምበር መጀመሪያ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ልብስ ነበር። ወገቡና የእጅጌው ጫፍ ላይ ያለው የሚለጠጥ ነገር ንፋስ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለጌጥ አይደለም። ጂንስ ያምራል፣ አልክድም። ከቀሚስ ጋር ደግሞ እሱን የሚያህል የለም። ግን ይከብዳል፣ ቦርሳ ይሞላል፣ ክረምት ላይ ዝናብ ከነካው ቶሎ አይደርቅም። ለቅዳሜ ብቻ ቢሆን ጂንስ እልሽ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ነገርም አለ። የጂንስ ኮሌታ ጠንካራ ስለሆነ ነጠላ ስትደርቢበት አንገትሽ ሥር ጉብ ብሎ ይቆማል። የቦምበር አንገት ዝቅ ያለ ነው፤ ነጠላው ትከሻሽ ላይ ልክክ ብሎ ይተኛል። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ግን ቦምበር ደርበሽ እንዳላይሽ! ጋቢ ለምን ተሸመነ?

አሁን ልብ በይኝ፣ ዋናው እዚህ ጋ ነው። ስትለኪ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ። የእጅጌው ስፌት የትከሻሽ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት። እጅጌ ቢረዝም አሳጥርልሻለሁ። ጎኑ ቢሰፋ አጠብልሻለሁ። ዚፕ ቢበላሽ እቀይርልሻለሁ። ትከሻ ከተበላሸ ግን እጅጌውን መንቀል፣ ኮሌታውን መፍታት፣ ገበሩን መክፈት ነው፤ የእጅ ዋጋው ሌላ ጃኬት ይገዛል። ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ፣ ኦቨርሳይዝ የሚሉት ዓይነት ከሆነ ስፌቱ ወደ ክንድ መውረዱ ዲዛይኑ ነው። እሱንም ቢሆን ከስር ቀጭን ሹራብ አድርገሽ ሁለት እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ፤ ታክሲ ውስጥ ሂሳብ እንደምታቀብዪው። ጀርባሽን ከያዘሽ አይሆንሽም።

ኪሱንም ፈትሺ። የሴት ጃኬት ላይ የውሸት ኪስ መስፋት ልማድ ሆኗል፤ ክዳን አለው፣ ውስጡ የለም። አንዳንዱ ግን እውነተኛ ኪስ ሆኖ ቅርጹ እንዳይበላሽ በቀጭን ክር የተዘጋ ነው። ክሩን በመቀስ ጫፍ ብትፈቺው ይከፈታል። ገበር ያለው ጃኬት ከሆነ በደረትሽ በኩል የውስጥ ኪስ አሰፊ። ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ስልክሽ በውጭ ኪስ ከሆነ የአንቺ ነው ማለት አይቻልም።

ቀለሙን የአቧራ ቀለም አድርጊው። እየቀለድኩ አይደለም። ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል ይላሉ፤ የበጋ አቧራን ግን ቁልጭ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ካኪ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ እነዚህ አቧራውንም የክረምቱን የዋልካ ጭቃ ፍንጣቂም ይችላሉ። ካኪና የወይራ ቀለም ከጥቁር ሱሪም፣ ከሰማያዊ ጂንስም፣ ከነጭ ቲሸርትም ይስማማሉ።

ለቢሮ ከስር ሸሚዝ ልበሺ፣ ኮሌታው ከቦምበሩ አንገት ትንሽ ብቅ ይበል። ሱሪሽ ወገቡ ከፍ ያለ ይሁን፣ ሸሚዙን ወደ ውስጥ አስገቢ። ሸሚዙ ከጃኬቱ ስር አራት ጣት ወርዶ ከታየ ለመተኛት ተዘጋጅተሽ የወጣሽ ትመስያለሽ። ለቅዳሜ ቲሸርትና ስኒከር በቃ።

ዋጋ እንዳልነግርሽ መጽሔቱ እስኪታተም ድረስ ይቀየራል። ልባሽ ውስጥ ደግሞ ጥሩ ጨርቅ አይጠፋም፤ ግን ብብቱ ሥርና የእጅጌው ጫፍ ያለቀ መሆኑን ሳታዪ እንዳትከፍዪ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቁመቴ አጭር ነው፣ ዳሌ አለኝ። ጃኬት ስለብስ የባሰ አጥራለሁ። ከለገጣፎ።

መልስ፦ ጃኬትሽ የሚያልቀው ዳሌሽ በጣም የሚሰፋበት ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ዓይን መስመሩ ባለበት ይቆማል። ከፍ አድርጊው፤ የወገብ አጥንትሽ ላይ ይለቅ። ያለሽን ጃኬት ሰፊ ጋ ወስደሽ ማሳጠር ትችያለሽ፤ ለታችኛው ኪስ ግን ቦታ መኖሩን አስቀድመሽ አስለኪ። ከስር የምትለብሺው ላይና ታቹ አንድ ቀለም ቢሆን፣ ጃኬቱን ሳትዘጊ ክፍት ብትተዪው ቁመት ይሰጥሻል። ዳሌሽን ግን ለመደበቅ አትድከሚ፤ ሌላው ተመኝቶት ነው ያጣው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ናይለን ጃኬቴ ቡኒ እየሆነ ሄደ፣ ዚፑም ይይዘኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፀሐይ ላይ እያሰጣሽው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የፀሐይዋ ጨረር ቀለም አይምርም። ከእንግዲህ ገልብጠሽ እጠቢው፣ ገልብጠሽ ጥላ ላይ አስጪው። በረኪና አታስጠጊው። ጨው መንከር የሄደውን ቀለም አይመልስም፣ አትልፊ። ካውያ ካስፈለገው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከላዩ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽ፤ ናይለን ይቀልጣል። ስታጥቢ ዚፑን ዝጊው፣ ክፍት ሆኖ ከታሸ ጥርሱ ይዛባል። ለሚይዘው ዚፕ ሻማ በጥርሱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አሺበት፤ ጧፍም ይሆናል። ከዚያ ደጋግመሽ ክፈቺው ዝጊው፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጊ። እንዲያም ሆኖ ከያዘ የተበላሸው ተንሸራታቹ፣ ላይ ታች እያለ ጥርሱን የሚዘጋው፣ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ ሙሉ ዚፕ እንቀይር የሚልሽን ሰፊ እሺ አትበዪ፤ ተንሸራታቹን ብቻ ቀይርልኝ በዪው።