ኢተን ተምረው የወጡ ሰዎችና የእኛ አገር ጉዳይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ለንደን ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል፤ መምህሩ ለኢተን ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያመለክት መክረውታል። አንቺ ደግሞ ቦታው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት መሆኑን ሰምተሽ፣ ከዚያ የወጡ ታዋቂ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝ ሰው እንዳለም ጠየቅሽ። እኔ ስሎው ከተማ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከአገር ቤትም ከአሜሪካም የሚመጡ ወገኖቻችንን ዊንዘር እየወሰድኩ አስጎበኛለሁ። ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ወርዶ የቴምዝን ድልድይ በእግሩ የተሻገረ ሰው ኢተን ደረሰ ማለት ነውና ያንቺን ጥያቄ ብዙዎች አንሥተውልኛል። የማውቀውን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ኢተን አልተማረም። መቃብሩ ዊንዘር ስለሆነ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የተማረው ቼልተንሃምና ራግቢ ነው፤ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው ዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር ያደረጉት። አጽሙ ለአገሩ እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 ሳይቀበለው መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ኢተን ልመለስ። ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ1440 ሲያቋቁሙት 70 ድሃ ልጆች በነጻ እንዲማሩበት ነበር። ዛሬ ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ከ1,300 የሚበልጡ ወንዶች ይማሩበታል፤ ክፍያው በዓመት ከ50,000 ፓውንድ በላይ ነው። ሰባዎቹ ግን አሁንም አሉ። በፈተና የሚመረጡ የንጉሥ ተማሪዎች ይባላሉ፤ ከሌሎቹም በጥቁር ካባቸው ይለያሉ።

ስለ አንግሊካንነቱ ስትጨነቂ አንድ ነገር ልንገርሽ። ትምህርት ቤቱ ሲመሠረት የተሰየመው በእመቤታችን ስም ነው። በጸሎት ቤቱ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተሣሉ ሥዕሎች አሉ፤ ብዙዎቹ የእመቤታችንን ተአምራት የሚያሳዩ ናቸው። እንግሊዞች ከሮም ቤተ ክርስቲያን ከተለዩ በኋላ በ1560 በኖራ ተለቅልቀው ጠፉ፤ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ተሸፍነው ኖረው በ1847 ተገኙ፤ ኖራው ተፍቆ በደንብ የታዩት ግን በ1923 ነው። ትምህርት ቤቱ ለጎብኚ በሚከፈትባቸው ቀናት እናቶችን ይዤ ስገባ ከዚያ ግድግዳ ሥር አይነቃነቁም። በየሰንበቱ ተአምረ ማርያም ሲነበብ እየሰሙ ያደጉ ናቸውና፣ ስለ ሥዕሎቹ ከአፌ ሳይወጣ እነርሱ ይነግሩኛል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀለሙ የደበዘዘውን የአንዲትን ሴት ፊት እያየች ለረጅም ጊዜ የጸለየች እናት አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ከብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሃያዎቹ የኢተን ልጆች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ከሮበርት ዋልፖል እስከ ዴቪድ ካሜሮንና ቦሪስ ጆንሰን ድረስ። ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፉት ዌሊንግተን፣ ባለቅኔው ሼሊ፣ የምጣኔ ሀብቱ ሊቅ ኬንስ፣ ከ2013 ጀምሮ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢም ከዚያ ወጥተዋል። ይህን ዝርዝር የትም ታገኚዋለሽ። እኔ እንግዶቼን የማስቆማቸው አንቶኒ ኤደንና ሎርድ ሃሊፋክስ የሚባሉት ሁለት ስሞች ላይ ነው።

ኤደን በ1935 መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ወርሮ ነበር። ንጹሕ ወዳጃችን ነበሩ አልልሽም፤ በጁን 1936 በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንደሚነሣ ለፓርላማ ያስታወቁት እርሳቸው ናቸው። በፌብሩዋሪ 1938 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን ከሙሶሊኒ ጋር ሊጀምሩት በነበረው ድርድር አልስማማም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በቦታቸው የተተኩት ሃሊፋክስም የኢተን ተማሪ ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሃሊፋክስ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ቀርበው፣ ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና መስጠት አለመስጠት ለየአገሩ ፈቃድ ይተው ብለው ተከራከሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያ አዳራሽ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ስለታመሙ ንግግራቸውን ያነበቡላቸው ሎሬንሶ ታእዛዝ ናቸው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ብሪታንያ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ዕውቅና ሰጠች።

በ1940 መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሃሊፋክስ አምባሳደር ሆነው ወደ ዋሽንግተን ሲላኩ ኤደን ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ተመለሱ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941 በፓርላማ ቆመው፣ ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት እንደገና ቢቋቋም ብሪታንያ በደስታ እንደምትቀበለው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴንም የዙፋን መብት እንደምታውቅ ገለጹ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም እየገሰገሱ ነበር። የካደንም ያወቀንም ፊርማ አንድ ሰሌዳ ፊት ከተቀመጡ ሰዎች እጅ ወጥቷል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ኢተን ተማረ ሲባል ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

ለልብ የሚቀርበው የኢተን ልጅ ግን ተጓዡ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በ1910 አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን (የዛሬው ኤምባሲ) ግቢ ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ በኢትዮጵያ የአገራቸው መልእክተኛ ነበሩ። በ1916 የልጅ ኢያሱ ነገር ሲነሣ ራስ ተፈሪ ገና ሕፃን የነበረውን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለጥበቃ ወደዚያ ግቢ ላኩት። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት ጃን ሜዳ ሲገባ፣ ንጉሥ ሚካኤልም ታስረው ሲያልፉ ትንሹ ቴሲጀር ከወላጆቹ ጋር ቆሞ አየ። ያ ቀን ሕይወቱን እንደወሰነው ሽማግሌ ሆኖም ይመሰክር ነበር። እንግሊዝ አገር ሲመለስ የመጀመሪያ ደረጃ ጓደኞቹ ያየውን ሲነግራቸው ውሸታም አሉት። ኢተን እየተማረ ሳለ በ1924 ራስ ተፈሪ ለንደን መጡ፤ ከእናቱ ጋር ቀርቦ አገራቸውን መልሶ ማየት እንደሚመኝ ነገራቸው፤ እርሳቸውም አንድ ቀን እንግዳዬ ሆነህ ትመጣለህ አሉት። ቃላቸውንም አላጠፉም፤ በ1930 ለዘውድ በዓሉ በስሙ የግል ጥሪ ደረሰው። ያን ጊዜ የኦክስፎርድ ተማሪ ነበር።

በ1933 ተመልሶ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር በረሃ አቋርጦ ውኃው የሚጠፋበት አቤ ሐይቅ ድረስ ሄደ። በ1941 ደግሞ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቻችን ጎን ተዋጋ፤ ወሎ ውስጥ አጅባር ላይ ለሠራው ሥራም ከፍተኛ የጦር ኒሻን ተሸለመ። ዓለም የሚያውቀው የዓረቢያን ባዶ በረሃ ከበዱዊኖች ጋር በግመል በማቋረጡ ነው፤ እኛ ግን የራሳችን ታሪክ ምስክር አድርገን ልናውቀው ይገባል ባይ ነኝ።

ሌጋሲዮን ግቢ የተጠበቀው ሕፃን አድጎ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሆነ፤ የእርሳቸው ልጅ ልዑል ዘርዐ ያዕቆብ ኢተን ተምረዋል። ከዚያ ኦክስፎርድ ገብተው ገና ሲማሩ፣ በ1974 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአባታቸው ቀጥሎ ወራሽ እንዲሆኑ ሰየሟቸው። በዚያው ዓመት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ልጅሽ ጥቁር ነውና ዲሊቤ ኦኒያማን ሳላነሣ አላልፍም። ናይጄሪያዊ ነው፤ ኢተን ትምህርቱን የጨረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ እየተባለ ይጠቀሳል፤ በ1969 ወጣ። በቆዳው ቀለም የደረሰበትን ስድብና ንቀት በመጽሐፍ ስላወጣ ትምህርት ቤቱ ግቢውን እንዳይረግጥ አገደው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2020 ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ልጅሽ ቀድሞ ይወቀው። ከሌላ አፍ ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻላል።

ልጅሽ የተመከረበት ዕድል የኦርዌል ሽልማት የሚሉት ይመስለኛል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሩ ወንዶች የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በነጻ የሚያስተምር ነው። ስያሜው ከጆርጅ ኦርዌል የመጣ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ኤሪክ ብሌየር ሲሆን ከ1917 እስከ 1921 ከሰባዎቹ አንዱ ሆኖ ተምሯል። ጓደኞቹ ወደ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ሲሄዱ እርሱ በርማ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ፤ የቅኝ አገዛዝን አስቀያሚ ፊት እዚያ አይቶ ሥራውን ጥሎ ጸሐፊ ሆነ።

ልጅሽ በውጤቱ የሚሳቀቅ ከሆነ ደግሞ የጆን ገርደንን ነገር አጫውችው። በ1949 ኢተን ውስጥ በሥነ ሕይወት ትምህርት ከ250 ተማሪዎች መጨረሻ ወጣ፤ መምህሩ ሳይንቲስት እሆናለሁ ማለቱ የማይመስል ሐሳብ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ጻፈበት። በእንቁራሪት ላይ ባደረገው ምርምር በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ያን ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ ቢሮው ውስጥ ሰቅሎት ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ስለ ጾምና ስለ በዓላት በግልጽ ጠይቂ። የጸሎት ቤት ሥርዓቱ የአንግሊካን ነው፤ ለካቶሊኮች፣ ለሙስሊሞችና ለሌሎችም የሚከታተሏቸው መምህራን ስላሏቸው ጥያቄሽ እንግዳ አይሆንባቸውም። በሚያድርበት ቤት ከመንግሥት ትምህርት ቤት የመጡ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ ዘር ነክ ስድብ ሲደርስ ለማን እንደሚነገርና ምን እንደሚደረግም ጠይቂ፤ መልሱን በማስታወሻ ያዢ። ለንደን ካለው የዋተርሉ ጣቢያ ተነሥቶ ዊንዘርና ኢተን ሪቨርሳይድ የሚቆመው ባቡር ይሻላችኋል፤ ከጣቢያው እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ቀኑን ጻፊልኝ፣ ጣቢያ ላይ እጠብቃችኋለሁ።