መሐንዲስ ሕግ አውጪ ጋ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ስለ ሕንፃ ደህንነት በወጣ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት መስጠት ፈልጌ ነበር። ባልደረቦቼ ግን «ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳትተዪው! እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ፣ ብሮክተን ከተማ፣ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር (ውኃ እያፈላ እንፋሎት የሚያመነጭ ትልቅ ጋን) ፈንድቶ 58 ሰው ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግዛቷ የቦይለር ሕግ አወጣች። ከዚያ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ለሁሉም የሚሆን ደንብ አዘጋጀ፤ መሐንዲሶች የጻፉት ያ ደንብ ቀስ በቀስ በብዙ ግዛቶች ሕግ ሆነ። አየሽ፣ እነሱም «አያገባንም» ቢሉ ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ።

አሁን ወደ ሥራው። ሃምሳ ገጽ ሪፖርት ይዘሽ አትሂጂ፣ ማንም አያነብልሽም። አንድ ገጽ ይበቃል። «አንቀጽ ይሄ እንዲህ ይላል፣ በዚህ ምክንያት አደጋ ያመጣል፣ በዚህ ይተካ» ብለሽ ምትኩን ቃል በቃል ጻፊው፤ ምክንያቱም ቅሬታ የሚያቀርብ ሞልቷል፣ የተጻፈ አማራጭ ይዞ የሚመጣ ግን (እመኚኝ) ብርቅ ነው። ረቂቁን የሚያየውን የሕግ አውጪው ኮሚቴ ባለሙያዎች ቀድመሽ አነጋግሪ፣ ረቂቁ ላይ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። መሥሪያ ቤትሽ ከሕጉ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ሳትጠየቂ ገና ከመጀመሪያው ተናገሪ።